የመስቀል ወፍ ከጥቅምት በኋላ የት ነው የምትገባው? (በተለይ ሐይቅ ዳር ለምትኖሩ)

የሐይቋ_ልጅ፦
ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ የከረመ ነገር ስላለ የሚያውቅ ሰው ካለ ብዬ ነው። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው ሲወረድ ነው። ካምና መስከረም ጀምሮ ስራ ከመግባቴ በፊት ውሃው ዳር እወርድና ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ያየሁትን ወፍ ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ባይኖኩላር የለኝም፣ በስልኬ ካሜራ ዙም እያደረግኩ ነው። ስማቸውን የማላውቃቸውን "ጭራ ነቅናቂ"፣ "ማንኪያ አፍ" እያልኩ እኔው ስም አወጣሁላቸው።

እና ከፊላው ጀርባ የአጎቴ የሳር ቦታ አለ። ሐምሌ መጨረሻ ሳሩ ወገብ ሲደርስ የመስቀል ወፎቹ መጡ፣ ጥቁር ሆነው ትከሻቸውና ወገባቸው ላይ ቢጫ ያለባቸው። አንዱን በደንብ ተከታተልኩት። ሳር ጫፍ ላይ ያርፍና የወገቡን ቢጫ ላባ ይነፋዋል፣ በቃ ኳስ ነው የሚያክለው፣ ከዛ ክንፉን እያንጣጣ ሳሩን ታክኮ ቀስ ብሎ ይበራል፣ ተመልሶ እዛችው ጫፍ ላይ ቁጭ፣ ደግሞ ይነሳል፣ ዝናብ እየዘነበበት እንኳን አያርፍም። አምና በመስቀል ሰሞን 11 ቆጥሬ ጽፌያለሁ፣ ጥቅምት 20 ላይ 4፣ ኅዳር ሲገባ አንድም የለም!! ሰኔ ድረስ ባዶ።

እናቴ "ቀጠሮዋን ጨርሳ ሄደች፣ በዓመቷ ከአደይ አበባ ጋር ትመለሳለች" ነው የምትለኝ፣ ሁላችንም ስንሰማ ያደግነው እሱን ነው። ግን ወዴት? ዘንድሮም ይኸው ጥቅምት 22 ነው፣ ትናንት 3 ብቻ አየሁ፣ እንደ አምናው ዝም ብዬ እንዳላጣቸው ነው የፈለግኩት። ማንኪያ አፎቹ ዳክዬዎች ደግሞ በተቃራኒው ጥቅምት ላይ መጥተው መጋቢት ላይ ይጠፋሉ፣ እነሱስ?

ቦርከና_ማዶ፦
እህቴ መጀመሪያ ደብተሩን እንዳታቆሚ አደራ። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ከምጽፍልሽ ውስጥ ግማሹን በዓይንሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ።

የመስቀል ወፏ ብዙም አትርቅም፣ ልብሷን ነው የምትቀይረው። ያ ጥቁርና ቢጫ የክረምት ልብስ ነው፣ እሱም የወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ዝንጉርጉር ናት፣ ድንቢጥ ትመስላለች፣ ስለዚህ ያንቺ 11ዱ ወንዶቹ ናቸው፣ ሴቶቹ ሳሩ ውስጥ እያሉ ሳትቆጥሪያቸው ቀርተዋል። ወንዱ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ሳሩ ሲረዝም ጥቁሩን ይለብሳል፣ ሳሩ ውስጥ ጎጆ ይሸምናል፣ ያ ሲነፋው ያየሽው ላባም ሴት መጥሪያ ነው፣ ከአንድ በላይ ሴት ያመጣል። ጫጩት ወጥቶ ሳሩ ሲደርቅ ያ ቀለም ለጭላት ከመታየት ሌላ ምንም አይጠቅመውም፣ ላባው እየረገፈ በሴቷ አይነት ቡናማ ይተካል። ጥቅምት ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ የሄደብሽ ለዛ ነው፣ እየሄዱ ሳይሆን አንድ በአንድ እየተቀየሩ ነው። ልብ ብለሽ እይ፣ በዚህ ሰሞን ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ የሆነ፣ የተጎሳቆለ የሚመስል ወንድ ማየትሽ አይቀርም።

እንደየአገሩ የመስቀል ወፍ የሚባለው ወፍ ይለያያል። ወደ ቆላው ቀይና ጥቁሩን ነው የሚሉት፣ ጭራው ከራሱ የሚረዝመውን ትንሹን ጥቁርና ነጭ ወፍ የሚሉም አሉ፣ እሱ ደግሞ እንቁላሉን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥሎ በባለጎጆው የሚያሳድግ ነው። ያንቺኛው ለየት የሚልበት አንድ ነገር አለ፣ ወንዱ ቡናማውን ከለበሰ በኋላም ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለው ቢጫ አይጠፋም። ሲቀመጥ በክንፉ ይሸፈናል፣ ሲነሳ ነው የሚታየው።

ማንኪያ አፎቹ ግን እውነተኛ ተጓዦች ናቸው፣ ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል ውሃው በረዶ ሲሆንባቸው ነው የሚመጡት፣ በዛ አፋቸው ውሃውን እያጣሩ ነው የሚበሉት። ጭራ ነቅናቂ ያልሻትም ሆዷ ቢጫ ሆና ከከብት እግር ስር የማትጠፋዋ ከሆነች የዛው አገር እንግዳ ናት።

የቃሉ_ማሽላ፦
ወላሂ ይሄን አንብቤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እኔ ልጅነቴን የጨረስኩት ቃሉ ውስጥ ማማ ላይ ወፍ ስጠብቅ ነው። ማሽላው እሸት ከያዘበት ቀን ጀምሮ እስኪታጨድ፣ ጎህ ሳይቀድ ወንጭፍና ድንጋይ ይዤ እወጣለሁ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው የሚመጡት፣ ትንሽ ካረፈድክ አንድ ጥግ ገፈፍ ገፈፍ አድርገው ይሄዳሉ። የሚመጡት እነዛ ቡናማዎቹ ናቸው፣ እኛ ዝም ብለን "ወፍ" ነበር የምንላቸው። እና አንድ ቀን ወንድሜ በወንጭፍ የመታውን አንስቼ ሳየው ደረቱ ላይ አንድ ሁለት ጥቁር ላባ፣ ክንፉን ስገልጠው ደግሞ ወገቡ ቢጫ። ለአባቴ ወስጄ አሳየሁት፣ አገላብጦ አየና "የመስቀል ወፍ ትመስላለች፣ ምን ልታደርግ እዚህ መጣች" አለ፣ ከዛ በኋላ ነገሩን ረሳሁት። ስንት ዓመት ሆነው፣ ዛሬ ነው የገባኝ። ለመስቀል የምንዘፍንላትን ወፍ ነው ኅዳር ላይ በድንጋይ ስናባርር የኖርነው።

ሐይቅ ዙሪያም ማሽላና ጤፍ አለ፣ እህቴ ከሳሩ ቦታ ተነሺና አጨዳ ያለበት ማሳ ሂጂ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ።

ራያ_ቆቦ፦
ወንድሜ የምትለው ግሪሳ እንዳይሆን? እኛ ቆቦ ላይ ማሽላ የሚጨርስብን ግሪሳ ነው፣ አንዳንድ ዓመት በአውሮፕላን መድኃኒት እስከሚረጭበት ድረስ። እሱም ቡናማ ነው። የመስቀል ወፍን ከግሪሳ ጋር መደባለቅ ይከብደኛል፣ እሷ እኮ የበዓል ወፍ ናት።

ቦርከና_ማዶ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግሪሳን በምንቃሩ ትለየዋለህ፣ ቀይ ነው፣ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ በሺህ በሺህ ነው የሚመጣው። የመስቀል ወፍ ምንቃር ቀይ አይሆንም፣ መንጋዋም ትንሽ ነው። ዘመዳሞች ግን ናቸው፣ ጎጆ ከሚሸምኑት ወገን ናቸው ሁለቱም፣ ስለዚህ አንድ ማሳ ላይ ተደባልቀው ብታያቸው አይግረምህ።

የሳይንት_ደጋ፦
እኔ ቦረና ሳይንት ፓርኩ አጠገብ ነው ያደግኩት፣ ስለ መስቀል ወፏ የምጨምረው የለኝም፣ ስለ ወቅት ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ቀይ ቀበሮን ማየት የፈለገ በበጋው ይምጣ። ግልገሎቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው የሚወለዱት፣ ከጉድጓዱ ወጥተው ሲጫወቱ ለማየት ከዛ በኋላ ትንሽ ሳምንት መታገስ ነው፣ እናትየው ስታደን የአይጥ ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ እንደ ድመት ነው የምትጠብቀው። በክረምት ጉም አላሳይ ይላል። ጭላዳ ግን ክረምት ከበጋ አለ፣ ቀን ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሳር ሲነጭ ይውላል፣ ሲመሽ ገደሉ ላይ ያድራል። ሐይቅ ያላችሁትን ወፍ አይቼ እንደቀናሁ እናንተም ኑና እዩልን፣ ቤት ያፈራውን እንካፈላለን።

የሐይቋ_ልጅ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለቱንም ብያለሁ። ለእናቴ ሳነብላት "እና ቡናማዋን እኔ በየቀኑ ከጓሮ ሳባርራት ነው የኖርኩት?" ብላ ዝም አለች። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ፣ አጎቴ ሳሩን ዘንድሮ መስቀል ሳያልፍ ነው ያሳጨደው፣ ለከብት ድርቆሽ ስለሚፈልገው፣ ያኔ ጎጆ ነበረበት ማለት ነው? አጫጆቹ ከሳሩ ጋር የተሰፋ ኳስ የመሰለ ነገር አግኝተን ጣልነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ያኔ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ቦርከና_ማዶ፦
ጎጆው እሱ ነው፣ በጎኑ መግቢያ ይኖረዋል። ሳሩን አትጨዱ አይባልም፣ ከብቱ ምን ይበላል። ግን ውሃው ዳር ያለችውን ጠርዝ፣ አምስት ስድስት እርምጃ የምታህል ስፋት፣ ጥቅምት እስኪያልቅ ቢያቆያት ይበቃል። ረግረጉ አጠገብ ያለው ሳር ቶሎ ስለማይደርቅ አጎትሽም ብዙ አይጎዳም።

የሐይቋ_ልጅ፦
ኅዳር 16 ነው፣ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። የቃሉ ልጅ እንዳለኝ ከውሃው ራቅ ብላ ያለች የጎረቤት ማሽላ ማሳ ላይ ለሶስት ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ምንም፣ ብርድ ብቻ። ሁለተኛው ቀን 30 የሚሆኑ ቡናማዎች መጡ፣ ሁሉንም አንድ አይነት ነው ያየኋቸው፣ ምንቃራቸው ቀይ አይደለም፣ እሱን አጣራሁ። ዛሬ ግን የባለማሳው ልጅ ጅራፉን ሲያጮኸው በአንዴ ብድግ አሉ፣ እና ከመሀላቸው አንዱ፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ወገባቸው ላይ ያ ቢጫ ብልጭ አለ። አምስት ቆጠርኩ፣ ስድስተኛው ተጠራጥሬ ተውኩት። ፎቶው ደብዝዟል ግን ቢጫው ይታያል። ልጁን ጠርቼ ስልኩ ላይ አሳየሁትና የመስቀል ወፍ እኮ ነች አልኩት፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ፎቶውን ሲያየው ቆየና "ታዲያ ነገም ልትመጪ ነው?" አለኝ፣ እመጣለሁ ብዬዋለሁ።

አጎቴም ለከርሞ ጠርዟን ሊያቆይልኝ ቃል ገብቷል።