የጥንታዊ ጃፓን ጎራዴ ጭራ ላይ ያለው ዝገት ይጽዳ ወይስ ይተው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አሮጌ የጃፓን ጎራዴ እጄ ገብቷል። ከጫፉ እስከ እጀታው መነሻ ስለካው 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ። በስለቱ ዳር ሞገድ የመሰለ ነጭ መስመር ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ወደ ጫፉ ግን ቡናማ የዝገት ነጠብጣቦች አሉበት፣ አንድ ቦታ ላይም ስለቱ በጥቂቱ ተሸርፏል። እጀታውን ሳወልቀው የብረቱ ጭራ ከላይ እስከ ታች ዝጎ ጠቁሯል፤ ሁለት ቀዳዳዎችና ከዝገቱ የተነሣ በግልጽ የማይነበቡ ሁለት የተቀረጹ ፊደላት አሉት። ሐሳቤ ጭራውን በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ ጽሑፉን ማንበብ፣ ነጠብጣቦቹንም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አስለቅቄ ዘይት መቀባት ነበር። ከመጀመሬ በፊት ግን ልምድ ያላችሁን መጠየቅ መረጥሁ። በተጨማሪም ጎራዴው በእርግጥ ጥንታዊ ይሁን ወይስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ፣ በምን ልለየው እችላለሁ?

መልስ 1

አስቀድመው መጠየቅዎ ጎራዴውን አድኖታል። እባክዎ የሽቦ ብሩሹን ጭራውን አያስነኩት። ጃፓኖች ናካጎ የሚሉት ይህ ጭራ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በእጀታ ውስጥ ተሸፍኖ ስለኖረና ጎራዴው በተወለወለ ቁጥር ሳይነካ ስለሚታለፍ፣ ዕድሜውን የሚመሰክረው ዋናው ክፍል እርሱ ነው። የመቶ ዓመታት ዝገት ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ለጣት የለሰለሰ ሲሆን፣ የቅርብ ጊዜው ግን ቀላ ያለና የሚሻክር ነው። ሰይፍ ሠሪው በሞረድ የተወው የመስመር አቅጣጫ፣ የጭራው ጫፍ ቅርጽና የፊደላቱ አቀራረጽ ሁሉ የሚነበቡት ከዚያ ዝገት ጋር ነው። ዝገቱ ከተፋቀ በኋላ ፊደሉ ቢነበብ እንኳ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር አይቀርም፤ የጎራዴውም ዋጋ በእጅጉ ይወድቃል። ጽሑፉን ለማንበብ ከፈለጉ ከአንድ ጎን ብቻ ዝቅ አድርገው መብራት ያብሩበትና ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ጥላው የተቦረቦረውን ፊደል ያወጣዋል።

ሁለቱ ቀዳዳዎች ደግሞ ትኩረቴን ስበውታል። በቀድሞ ዘመን ረጅም ጎራዴዎች ለባለቤቱ ቁመትና ለአያያዝ እንዲመቹ ይቆረጡ ነበር፤ የሚቆረጡትም ከጭራው በኩል ስለሆነ እጀታው ወደ ላይ ይወጣና ለማሰሪያው ችንካር አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። የእርስዎ ፊደላት ወደ ጭራው ታችኛ ጫፍ ተጠግተው ከሆነ ይህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በየትኛው ጎን እንደተቀረጹም ይመልከቱ። ካታና የሚባለው ረጅም ጎራዴ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በመቀነት ውስጥ ይሻጣል፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ታቺ የሚባለው ግን ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ በሚታየው ጎን ስለሚቀረጽ የሁለቱ ጽሑፍ በተቃራኒ ጎኖች ይገኛል።

የጦርነቱን ዘመን በሚመለከት፣ በውጪ ዕቃው አይፍረዱ። ብዙ መኮንኖች የቤተሰባቸውን ጥንታዊ ጎራዴ የወታደር እጀታና ሰገባ አልብሰው ዘምተዋልና። በጭራው ላይ የተመታ ትንሽ ማኅተም ካለ ግን የጦርነት ጊዜ ሥራ ነው ብለው ሊጠረጥሩ ይችላሉ። የታዋቂ ሠሪ ስም ማግኘትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የሐሰት ስም መቅረጽ ከጥንት የነበረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ምርመራ አድርጎ ከዝቅተኛው ሆዞን እስከ ከፍተኛው ቶኩበፁ ጁዮ በአራት ደረጃ የምስክር ወረቀት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

መልስ 2

የቀደመው መልስ ትክክል መሆኑን በራሴ ጥፋት አውቀዋለሁ። መሰብሰብ በጀመርሁበት ዓመት ዋኪዛሺ የሚባል አንድ አጭር ጎራዴ ገዝቼ ጭራውን በብርጭቆ ወረቀት እንደ አዲስ ማንኪያ እስኪያበራ ድረስ ፈገፈግሁት። ፊደላቱ ጎልተው ሲወጡ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ያሳየኋቸው አዋቂ ሰው ጭራውን አንድ ጊዜ ገልብጠው አዩና ምንም ሳይናገሩ በጨርቅ ጠቅልለው መለሱልኝ። ያ ጎራዴ አሁንም አለኝ፣ በየጊዜው ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

የብረቱን ነጠብጣቦችም በብርጭቆ ወረቀት አይንኩ። የጃፓን ወልዋይ በተከታታይ እየደቀቁ በሚሄዱ ድንጋዮች የሚሠራው ገጹን፣ የጎን ጠርዞቹንና የጫፉን መስመር ጠብቆ ነው፤ እኛ በእጃችን ስንፈገፍግ ጠርዙ ይድበለበልና ያንን ለማስተካከል ወልዋዩ ተጨማሪ ብረት ለማንሣት ይገደዳል። ውጪው ጠንካራ ብረት ስስ ስለሆነ ደጋግሞ የተወለወለ ጎራዴ ውስጡ ለስላሳ ብረት ብቅ ይልበታል፤ የተነሣው ብረት አይመለስም።

ለጊዜው ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። ከቀርከሃ የተሠራውን ችንካር ከቀጭኑ ጎን ገፍተው ያውጡ። ከዚያ እጀታውን በግራ እጅዎ ይዘው ብረቱን ጫፉ ወደ ላይ እንዲሆን ጥቂት አጋድመው፣ ስለቱን ከሰውነትዎ አርቀው ያቁሙት፤ በቀኝ እጅዎ ጭብጥ የግራ አንጓዎን ቀስ ብለው ሲመቱ ብረቱ በራሱ ከእጀታው ይላቀቃል። አሮጌውን ዘይት በንጹሕ አልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከጀርባው በኩል ይዘው፣ ከመነሻው ወደ ጫፉ ብቻ ይጥረጉ፤ ወደ ኋላ ከመለሱት ጣትዎን ይቆርጣል። ከዚያ ቾጂ የሚባለውን፣ የቅርንፉድ ዘይት ያለበትን ቀላል የማዕድን ዘይት እጅግ በስሱ ይቀቡ። ዘይቱ መንጠባጠብ የለበትም፤ የተረፈው ሰገባው ውስጥ ገብቶ አቧራ ይይዛል። በባዶ ጣት የነኩት ቦታ በቀናት ውስጥ ሊዝግ ስለሚችል ወዲያው ይጥረጉት። ብረቱን እያዩም ከፊቱ አያውሩ፤ የምራቅ ፍንጣቂም ያዝገዋል።

ብረቱን ለማጽዳት ኡቺኮ በሚባለው የድንጋይ ዱቄት መምታትን አልመክርም፤ ዱቄቱ የተወለወለውን ገጽ በጊዜ ብዛት ይቧጭረዋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፊደላቱ በእርግጥ ወደ ጭራው ጫፍ የተጠጉ ናቸው፣ ማኅተም ግን አላገኘሁም። የተሸረፈው ቦታ አሳስቦኛል፤ ወደ ጃፓን ልኬ ማስወልወል ይኖርብኛል?

መልስ 1

መሸረፉ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ወልዋይ ሊያስተካክለው ይችላል። ልብ ብለው ማየት ያለብዎ ሃጊሬ የሚባለውን ስንጥቅ ነው። እርሱ ከስለቱ ተነሥቶ ነጩን መስመር፣ ሃሞንን፣ አቋርጦ ወደ ላይ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሸረፋ ሥር ይጀምራል። በማጉያ መነጽር፣ ብርሃኑን እየለዋወጡ ከሁለቱም ጎኖች ይፈልጉት። ካለ ጎራዴውን ለማስወልወል ብዙ ወጪ ማድረግ አይገባም።

ከሌለ ደግሞ ከመላክዎ በፊት በአገርዎ ያለ እውቀት ያለው ሰብሳቢ ብረቱን በዓይኑ ይየው። ጃፓን ውስጥ ማንኛውም ጎራዴ መመዝገብ አለበት፣ የሚመዘገበውም በባህላዊው መንገድ የተቀጠቀጠ ብቻ ነው። በፋብሪካ የተሠራ የጦርነት ጊዜ ጎራዴ ከላኩ ምዝገባ ይከለከላል፣ ወደ እርስዎም ላይመለስ ይችላል። እስከዚያው ድረስ በቆዳ ሰገባ ውስጥ ከሆነ አውጥተው፣ ከማግኖሊያ እንጨት በልኩ በተሠራ፣ ሺራሳያ በሚባል ጌጥ የሌለው ሰገባ ውስጥ፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርገው ያጋድሙት። የሌላ ጎራዴ ሰገባ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይክተቱት።