«ገና»፣ «ቅኝት»፣ «የገደል ማሚቶ»፣ «ወንፈል»፦ ለአዲስ ባንድ ስም የሚሆነው የትኛው ቃል ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የቃላት ወዳጆች። አምስት ሆነን ባንድ መሥርተናል። ክራር፣ ቤዝ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ኪቦርድና ድራም አለን፤ የምንጫወተውም በአብዛኛው ራሳችን የደረስናቸውን ዜማዎች ነው። ልምምድ ከጀመርን ስምንት ወር አልፎናል፤ ስም ግን እስካሁን የለንም። በልምምድ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በለጠፍነው ካርቶን ከጻፍናቸው 30 ስሞች 26ቱ ተሰርዘው አራት ቀርተዋል፦ «ገና»፣ «ቅኝት»፣ «የገደል ማሚቶ» እና «ወንፈል»። «ገና»ን የወደድነው ብዙ መንገድ እንደሚቀረን ስለሚናገርልን ነው፤ «የገደል ማሚቶ» ደግሞ ድምፅ ከተራራ ወደ ተራራ ሲቀባበል ስለሚያሳየን ነው። ከመወሰናችን በፊት እያንዳንዱ ቃል ምን ትርጉም እንደሚሸከም፣ ሰሚውም ምን እንደሚመጣበት ብታስረዱን ውለታችሁን አንረሳም።

መልስ

ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት «የገደል ማሚቶ»ን ከካርቶኑ ላይ እንድትሰርዙት እለምናችኋለሁ። ምስሉ እንዳልከው ውብ ነው፤ ገደሉን ቤት አድርጎ፣ ከውስጡ ሆና የጠራትን ሁሉ የምትመልስ አንዲት ማሚቶ እንዳለች የሚያስብ አጠራር ነው። ነገር ግን በዕለት ተዕለት ንግግር አንድ ሰው «እሱ እኮ የገደል ማሚቶ ነው» ከተባለ፣ የራሱ ሐሳብ የሌለው፣ አለቃው ያለውን መልሶ የሚያሰማ ሰው ነው ማለት ነው። ራሳችሁ የደረሳችኋቸውን ዜማዎች ይዛችሁ በዚህ ስም ብትጠሩ፣ መድረክ ላይ ሳትወጡ የሌላ ሰው ድምፅ ደጋሚዎች መሆናችሁን እንደማወጅ ይቆጠራል። ሊነቅፋችሁ የፈለገ ሰው አንዲት ቃል እንኳ መጨመር አያስፈልገውም፤ ስማችሁን መጥራት ይበቃዋል።

«ገና»ን በተመለከተ ችግሩ ከጽሕፈታችን ይመጣል። ፊደላችን ጥብቀትንና ላልተትን አያሳይም። «ዋና» ተብሎ የተጻፈውን በውኃ ላይ መንሳፈፍም፣ የበላይ የሆነ ነገርም ብለን የምንለየው በዐረፍተ ነገሩ እርዳታ ነው፤ «ሰፊ»ም ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ነው። በንግግርና በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ይህ ማንንም አያስቸግርም። ፖስተር ላይ ግን ስማችሁ ብቻውን ይቆማል፤ የሚያግዘው ዐረፍተ ነገር አይኖረውም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ እናንተ የፈለጋችሁትን፣ ያልደረሰና ያልተፈጸመ ነገርን ይናገራል፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለለት የዱላና የእሩር ጨዋታም ነው። ስለዚህ ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ ስማችሁን የሚያነብ ሰው የበዓል ዝግጅት ማስታወቂያ ያየ ይመስለዋል። አንባቢው እናንተ እንደምትሉት አላልቶ ቢያነበውም ሌላ ጉዳት አለ፤ «ገና ባንድ» ሲል ገና ባንድ ያልሆነ ስብስብ ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ሞክሼ ፊደላትም ስም መራጭን ያስቸግራሉ። ለምሳሌ «ፀሐይ» የሚል ስም ብትመርጡ ኖሮ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛዋን በሦስት መንገድ የሚጽፉ ሰዎች ስላሉ ቢያንስ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይገጥማችሁ ነበር፤ ዘፈናችሁን በስልኩ የሚፈልግ ሰው በአንዱ ጽፎ በሌላው የተመዘገበውን ላያገኝ ይችላል። ደግነቱ ከአራቱ ስሞቻችሁ አንዱም ሞክሼ ፊደል የለበትም።

ከሁሉ የሚያነጋግረው «ቅኝት» ነው። ግሡ «ቃኘ» ነው። ክራር ይቃኛል፤ አውታሩ እየተወጠረና እየረገበ፣ በጣት እየተነካ፣ የሚፈለገው ድምፅ ላይ እስኪደርስ ይደመጣል። አገርም ይቃኛል፤ ከጦሩ ቀድሞ የሚሄድ ሰው የጠላትን አሰፋፈር ይቃኛል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው፣ በእኔ አረዳድ፣ ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጆሮ ወይም በዓይን ቀስ ብሎ መፈተሽ ነው። ከዚህ የበለጠ ለሙዚቃ የቀረበ ቃል በአማርኛ ማግኘት ይከብዳል። የምፈራውም ይህንኑ ቅርበቱን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች በየዕለቱ የሚነሱበት ሙያ ውስጥ ሆናችሁ ራሳችሁን «ቅኝት» ብላችሁ ከጠራችሁ፣ የመድረክ አስተዋዋቂው «ቅኝት ባንድ በባቲ ቅኝት» ሊል ነው፤ «ቅኝቱ ግሩም ነበር» የሚል አድናቂም ባንዱን ይሁን የክራሩን አቃኛኘት ያመሰገነው አይለይም። ዳቦ ቤቱን «ዱቄት» ብሎ የሰየመ ሰው ከዚህ የተለየ አላደረገም።

የቀደሙት እንዴት ስም እንዳወጡ ማየትም ይጠቅማችኋል። በ1924 እ.ኤ.አ. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ጓድ «አርባ ልጆች» ተባለ። ስሙ ቁጥራቸውን ከመናገር በቀር ምንም ጌጥ የለውም፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላም እንጠራዋለን። ቀጥለው የመጡት ትልልቅ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት እየተባሉ በመሥሪያ ቤታቸው ተጠሩ። በሆቴልና በምሽት ክበብ የሚጫወቱ የግል ባንዶች ሲበዙ ስም ማውጣቱ የሙዚቀኞቹ ጉዳይ ሆነ፤ ብዙዎቹም ወደ አገሩ መልክዐ ምድር ዞሩ። «ዋልያስ» ከስሜን ተራሮች እንስሳ፣ «ዳህላክ» ከቀይ ባሕር ደሴቶች፣ «ዳሎል» ከአፋር ረባዳ ምድር፣ «ሮሃ» ከላሊበላ ከተማ ጥንታዊ ስም ተወሰዱ። «አይቤክስ» የተባለውም ባንድ ስሙን ያገኘው ዋልያን ከሚያጠቃልለው ወገን የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። ስለዚህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ፣ ሁለት ታላላቅ ባንዶች በአንድ እንስሳ ተጠርተው ነበር ማለት ነው፤ «ሮሃ»ም በኋላ የተወለደው ከዚሁ ከአይቤክስ ነው።

«ዋልያስ» ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። በስሙ መጨረሻ ያለችው «ስ» የእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክት ናት። አማርኛ ተናጋሪ ግን የስሙ አካል አድርጎ ስለሚሰማት «ዋልያሶች» ብሎ በላይዋ ሌላ የብዙ ቁጥር ቢጨምርባት ምንም አይጎረብጠውም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በዚያው እንስሳ ሲጠራ «ዋልያዎቹ» ተባለ፤ ብዛቱም እርግጠኛነቱም በአማርኛ ቅጥያ ተነገረ። አንድ ስም በሰው አፍ ሲኖር «የ»፣ «ን»፣ «ኦች»፣ «ኡ» ይጨመሩበታልና፣ ከመምረጣችሁ በፊት ሁሉንም ቀጥላችሁበት ጮክ ብላችሁ ጥሩት። «እንጉርጉሮ»ን የመሰለ ውብ ቃል እንኳ «የ» ሲጨመርበት «የንጉርጉሮ» ይሆንና የመጀመሪያ ድምፁን ያጣል።

«ወንፈል» ይህን ፈተና ያልፋል፦ የወንፈል፣ ወንፈልን፣ ወንፈሎች፣ ወንፈሎቹ። የሚጠብቅ ወይም የሚላላ እየመሰለ የሚያሳስት ፊደል የለበትም። በአፍ ሲነገር «ን» ከ«ፈ» ፊት ስለምትቆም ወደ «ም» ልትጠጋ ትችላለች፤ በጽሑፍ ግን «ን»ን አጥብቃችሁ ያዙ። ትርጉሙንም ከ«ደቦ» ለይታችሁ ልታውቁት ይገባል። በደቦ ባለቤቱ ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ ሰው ይጠራል፤ የመጣውም ሠርቶ፣ ዘፍኖ፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚከፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ያንተን ማሳ አብረን እናርማለን፣ ነገ የእኔን፣ ከነገ ወዲያ የጎረቤታችንን። በቦስተን በ2006 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ «ደቦ ባንድ» ስላለ ያኛው ስም ተይዟል። ወንፈል ግን ነጻ ከመሆኑም በላይ፣ አምስታችሁም ዜማ የምትደርሱ ከሆነ፣ የአንዱን ድርሰት አራቱ ተራ በተራ የምትሠሩበትን አኗኗር በትክክል ይገልጻል። ከተማ ያደገ ወጣት ቃሉን ላያውቀው ይችላል፤ ይህ እንደ ጉድለት አይታየኝም። «ጃኖ» ቀይ ጥለት ያለው የመኳንንት ልብስ ነበር፤ አንድ የሮክ ባንድ ስሙን ከያዘው በኋላ ልብሱን ለብሰው የማያውቁ ወጣቶች ቃሉን በአፋቸው ይዘውታል።

ተጨማሪ አስተያየት

ከላይ የተሰጠውን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤያለሁ። በ«ቅኝት» ላይ የቀረበው ስጋት ትክክል ቢሆንም፣ ሥሩን ከመጣል ይልቅ መልኩን መለወጥ የሚቻል ይመስለኛል። «ቃኘው» ቢባልስ? አማርኛ የማይረሳ ስም ሲያወጣ ግሥን ማዘዝ ይወዳል። የነገሥታቱንና የመሳፍንቱን የፈረስ ስሞች እንመልከት፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። ሁሉም አጭር ናቸው፤ ሁሉም ከሩቅ ተጮኾባቸው የሚሰሙ ናቸው። ባንዶቻችን ግን እስካሁን በአመዛኙ በእንስሳና በቦታ ስም ላይ ቆመዋል። «ቃኘው» ሲባል «አንተ ቃኘው» የሚለው ትእዛዝም «እሱ ቃኘው» የሚለው ትረካም ስለሚሰማ፣ አንዲቱ ቃል ሁለት ዐረፍተ ነገር ትሆናለች።

መልስ

እህታችን ያነሳችው የፈረስ ስም ጉዳይ እጅግ አስደስቶኛል፤ ስም መጮኽ መቻል አለበት የሚለውንም ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ይህች ቃል ግን ባለቤት አላት። አባ ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃም «ቃኘው» የተባለው በዚሁ ስም ነው፤ በአስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጦር ሠፈርም በዚሁ ተጠርቷል። ዕድሜው የገፋ ሰው «ቃኘው» ሲባል ክራር አይመጣለትም፤ የሚመጣለት ዘማች አባቱ ወይም የአስመራው ሠፈር ነው። የዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በክብር የሚያነሱትን ስም ለመዝናኛ መድረክ ከማዋል በፊት አምስቱ ወጣቶች ይህን ማወቅ አለባቸው። አውቀው ከመረጡት የእነርሱ ፈንታ ነው፤ ሳያውቁ ግን እንዲመርጡት አልሻም።

የግሥ ስም ከፈለጋችሁ ሌላ ሥር ፈልጉ። እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሩ። የቀሩትን ስሞች በየወረቀቱ በትልቁ ጽፋችሁ፣ ስለ ባንዳችሁ ምንም ለማያውቅ ሰው ያለ ማብራሪያ አሳዩት፤ እንዴት እንደሚያነበውና ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቅ ብቻ አዳምጡ።

ጠያቂው

እንደ ምክርዎ አደረግን፤ ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ትናንት ከልምምድ ስንወጣ ሦስት ወረቀት ይዘን በር ላይ ቡና ወደምታፈላው እህታችንና ወደ ግቢው ዘበኛ ሄድን። ቡና አፍይዋ «ገና»ን አጥብቃ አነበበችና «ዘንድሮ የት ነው የምትጫወቱት?» ብላ ጠየቀችን። «ቅኝት»ን ስታነብ የክራር ትምህርት ልንከፍት መሰላት። «ወንፈል»ን ግን አላወቀችውም፤ ወረቀቱን ለዘበኛው አሳለፈችለት። እርሳቸው ጎጃም ገበሬ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ፊደል በፊደል «ወ-ን-ፈ-ል» ብለው አነበቡና ቀና ብለው ወደ አምስታችን ተመለከቱ።

«ታዲያ የዚህ ሳምንት ተረኛው ማነው?» አሉን።

ክራር የሚጫወተው ጓደኛችን እጁን አወጣ፤ በእርግጥም ትናንት የተለማመድነው የእርሱን ዜማ ነበር።