ፍላጻዬ ወደ ግራ ይስታል፣ ላባውም ከፊቱ ይላቀቃል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፍላጻ በእጅ የመሥራት ልምድ ያላችሁ ሁሉ እንድታግዙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዘንጉን ከእንጨት ልጌ አለሰልስና፣ ከአንድ ወገን ክንፍ ብቻ የተወሰዱ ሦስት የዝይ ላባዎችን በ120 ዲግሪ ልዩነት አጣብቄ ጫፎቻቸውን በእርጥብ ጅማት እጠመጥማለሁ። ደጋኑን በግራ እጄ ይዤ ፍላጻውን ስለቀው ግን ጭራውን እያወዛወዘ ከዒላማው በስተግራ ያርፋል። ላባ የሌለው ዘንግም ወደዚያው ስለሚሄድ፣ ችግሩ ከላባው ይልቅ የዘንጉ ግትርነት ይመስለኛል፤ ግትር ዘንግ አውታሩ ሲገፋው በበቂ ሁኔታ ተለምጦ የደጋኑን እጀታ ሊዞር አይችልምና። ውፍረቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ግትርነቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚወርድ፣ በአንድ ፍቅፋቂ ዘንጉን እንዳላበላሸው እሰጋለሁ። ታዲያ ልፋቀው ወይስ የጫፉን ክብደት ልጨምር? የምፍቀው ከሆነስ ከመሐል ነው ወይስ ዳር እስከ ዳር እኩል?

ሁለተኛው ጉዳይ ጅማቱ ነው። ሲደርቅ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ እርጥበት ሲነካው ግን ይላላና የላባው አገዳ የፊት ጫፍ ከዘንጉ ብድግ ይላል፣ ይህም ፍላጻው በእጅ ላይ ሲያልፍ ቆዳ ሊሰነጥቅ ስለሚችል በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በፋብሪካ ማጣበቂያ መጠቀም እንደሚቀል አውቃለሁ፤ ፍላጎቴ ግን ሥራው በጥንቱ መንገድ እንዲያልቅ ነው። ጅማቱ ከደረቀ በኋላ ሰም ብቀባው ይበቃዋል ወይስ የዛፍ ሙጫ ይሻላል? አገዳውን ከፊት በኩል ምን ያህል ማሳሳት እንዳለብኝም ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።