የእሳትና የኤሌክትሪክ ፍተሻ ወደቅን፤ ትንሽ ሆስፒታል ከየት ይጀምር?

ሠላሳ_አልጋ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ትንሽ ሆስፒታል የጥገና ኃላፊ ነኝ። ሠላሳ አልጋ፣ አንድ ኦፕሬሽን ክፍል፣ ማዋለጃ፣ ሁለት ኢንኩቤተር ያለው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ ላብራቶሪና ኤክስሬይ አለን። ሕንፃው ሲሠራ ለሆስፒታል ታስቦ አይደለም። መኖሪያ ነበር፣ ከዚያ እየተቀጠለ እየተቀጠለ እዚህ ደረሰ። የኤሌክትሪክ መስመሩም እንደዚያው ነው።

በቅርቡ ለእሳትና ለኤሌክትሪክ ደህንነት ፍተሻ መጡና ረጅም ዝርዝር ሰጥተውን ሄዱ። ኮሪደር ላይ ዕቃ ተከምሯል፣ የእሳት በሩ በድንጋይ ተይዞ ተከፍቶ ይውላል፣ የኦክስጅን ሲሊንደሮች አልታሰሩም፣ ፓነሉ ላይ የትኛው ብሬከር የቱን ክፍል እንደሚያጠፋ አልተጻፈም፣ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወስደው የመከላከያ መስመር) መቼ እንደተለካ የሚያሳይ ወረቀት የለም፣ የጄኔሬተር ሙከራ መዝገብ የለም፣ የእሳት ልምምድ ተደርጎ አያውቅም... እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የጊዜ ገደብ ነው የሰጡን።

አለቃዬ «እሳት ማጥፊያ ገዝተን እንስቀል፣ ፋይሉን እናሟላ፣ ያልፋል» ባይ ነው። ማለፉንስ እናልፍ ይሆናል፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ቀን የምር ቢነሳብንስ የሚለው ነው። ገንዘቡ ደግሞ ለሁሉም በአንዴ አይበቃም። ከየት ልጀምር?

ሌላ ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን በሁሉም መስመር ላይ፣ ኦፕሬሽን ክፍሉንም ጨምሮ፣ አርሲዲ (ከረንት ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚያጠፋ መሣሪያ) እናስገባ እያለ ነው። ልክ ነው?

የሌሊት_ተረኛ

ወንድሜ፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ የሽቦውን ነገር ለሚያውቁት ልተወው። አንተ ግን ዝርዝሩን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነህ አንብበው። ዋርዱ ላይ ሁለት ነርስ፣ በር ላይ አንድ ጥበቃ። ማታ ኦፕሬሽን የተደረገላት አለች፣ ኦክስጅን ላይ ያሉ አዛውንት አሉ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ ሕፃን አለ። ጭስ ቢሸትሽ ማንን ይዘሽ በየት ትወጫለሽ ብትለኝ ብዙ ቦታ ላይ መልስ የለኝም።

ፎቅ ካላችሁ በሽተኛን በደረጃ ማውረድ የመጨረሻው አማራጭ ነው። መጀመሪያ እዚያው ፎቅ ላይ፣ ከእሳት በሩ ማዶ ወዳለው ክፍል ነው የሚኬደው። አልጋውን እንዳለ ትገፋለህ፣ በሩን ትዘጋለህ፣ ከዚያ በኋላ ለማሰብ ጊዜ ታገኛለህ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በሩ ከተዘጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው፣ ነበልባሉ ገና ሳይደርስ። እ.ኤ.አ. በ2011 ህንድ ኮልካታ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት የተነሳ እሳት ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ 90 የሚጠጋ ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ ታፍነው የሞቱ በሽተኞች ናቸው። ምድር ቤታችሁ ወይም ደረጃ ሥር ያለው ቦታ መጋዘን ከሆነ ዛሬውኑ ሂድና እየው።

በሩን በድንጋይ የያዘውን ሰው ደግሞ አትቆጣው። ቀኑን ሙሉ ስትሬቸር ሲገፋ የሚውል ሰው በሩን በትከሻው እየከፈተ አይኖርም። ድንጋዩን ብታነሳው ነገ ሌላ ድንጋይ ይመጣል። መፍትሔው በሩን ከፍቶ የሚይዝ፣ አላርም ሲጮህ ግን ራሱ የሚለቅ ማግኔት ነው። አላርም ከሌላችሁ በሩ በራሱ እንዲዘጋ አድርጉና ቢያንስ ሌሊት ሌሊት ምንም ነገር እንዳይደገፍበት ተረኛው ይፈትሽ።

ልምምዱንም ቀን ላይ ለፎቶ ብቻ አታድርጉት። የአሜሪካው የእሳት መከላከል ማኅበር ደንብ፣ ኤንኤፍፒኤ 101፣ ለሆስፒታል በየሦስት ወሩ በእያንዳንዱ ፈረቃ ይላል። ሌሊቱም ፈረቃ ነው።

ፓነል_ከፋች

ለአለቃህ ንገረው፦ እሳት ማጥፊያ የሚሠራው እሳቱ ከተነሳ በኋላ ነው፣ የእናንተ ሽቦ ግን ይኼኔ እየሞቀ ነው።

የድሮ መኖሪያ ቤት ሽቦ ሲዘረጋ የታሰበው ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን ምናልባትም ለምድጃ ነው። ዛሬ አውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን)፣ ሂተር፣ ኤሲ፣ የላብ ፍሪጅ ተጭኖበታል። ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው። ብሎኑ ሲላላ መጋጠሚያው ላይ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ብሎኑን ይበልጥ ያላላዋል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብሬከሩ ይህን አያይም፣ ምክንያቱም ከረንቱ ከልክ አላለፈም። ስለዚህ ባለሙያ ጠርታችሁ መጀመሪያ ሎዱ (መስመሩ የተሸከመው ጭነት) እንዳለ በሙቀት ካሜራ ፓነሉን ያንሳው፣ ከዚያ መብራት ጠፍቶ ብሎኖቹ ይጥበቁ። የጠቆረ ሶኬት፣ የፕላስቲክ ሽታ፣ ሲነካ የሚያቃጥል መሰኪያ ካለ ካሜራም አያስፈልግህም።

አንድ ነገር በተለይ ፈልግ። ደጋግሞ ሲወርድ «አስቸገረን» ተብሎ በትልቅ የተቀየረ ብሬከር አለ ወይ? 2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር ሽቦ ላይ 40 አምፔር ብሬከር ካገኘህ ከዝርዝሩ ሁሉ እሱን አስቀድም። ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ የተሰካበትን ሁሉ ንቀል። አውቶክሌቭና ሂተር የራሳቸው መስመር ይኑራቸው፣ ሌላ ንግግር የለም።

አርሲዲውን በተመለከተ ሰውዬው ግማሹን ልክ ነው። ለልብስ ማጠቢያ፣ ለኩሽና፣ ለመታጠቢያ ቤት፣ ለተራ ሶኬቶች 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ አስገቡ፣ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ያተርፋል። ኦፕሬሽን ክፍል ግን ሌላ ዓለም ነው። አርሲዲ ሥራው ማጥፋት ነው። አንዱ ማሽን ትንሽ ከረንት ሲያፈስ በዚያው መስመር ላይ ያለው ቬንትሌተርና ሞኒተር አብሮ ይጠፋል፣ ያውም ሆድ ተከፍቶ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አይኢሲ 60364 ክፍል 7-710 እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ግሩፕ 2 ይላቸዋል፣ ሕይወት ለያዙ መሣሪያዎች የሚያዘውም ሜዲካል አይቲ የሚባለውን ነው። መስመሩን የሚለይ ትራንስፎርመርና ኢንሱሌሽኑን (ከረንቱ እንዳይፈስ የሚከለክለውን ሽፋን) የሚከታተል መሣሪያ ይገባል። የመጀመሪያው ብልሽት ሲመጣ መብራት አይጠፋም፣ ኢንሱሌሽኑ ወደ 50 ኪሎኦም ከወረደ ይጮኻል፣ ኦፕሬሽኑ ያልቃል፣ ከዚያ ብልሽቱ ይፈለጋል። አርሲዲ እዚያ ክፍል የሚፈቀደው ለኦፕሬሽን አልጋው ሞተር፣ ለኤክስሬይና ሕይወት ላልያዙ ዕቃዎች ነው።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ ብትል፣ አንተንና እኔን ቆዳችን ይከላከልልናል። ልቡ አጠገብ ካቴተር የገባለት ሰው ያ መከላከያ የለውም፣ እኛ የማይሰማን በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮአምፔር ለእሱ አደጋ ነው።

ቀይ_ሲሊንደር

ከላይ ያላችሁት ልክ ነው፣ ግን እሳት ማጥፊያውንም እንዲህ አታጣጥሉት። ነገሩ ምን ዓይነት የት የሚለው ነው። ፓነልና ማሽን አጠገብ ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ይሁን። ፓውደር ለጄኔሬተር ቤትና ለመጋዘን ጥሩ ነው፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ብትረጨው ግን እሳቱን አጥፍተህ ማሽኑንም ታበላሸዋለህ፣ በሽተኛውም ዱቄቱን ይተነፍሳል። ውኃ መብራት ካልጠፋ አይነካም።

ለአብዛኛው ሰው የማይነገረው ደግሞ፣ ሲኦቱ ላይ ጌጅ የለም። የፓውደሩን መርፌ አረንጓዴው ላይ አይተህ ታልፋለህ፣ ሲኦቱውን ግን ካልመዘንከው ባዶ ይሁን ሙሉ አታውቅም። ሲረጭ ቀንድ የመሰለውን መርጫውን በባዶ እጅ አትያዝ፣ በብርድ ያቃጥላል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከረጨህ ደግሞ ቶሎ ውጣ፣ የምትተነፍሰውን አየር ነው የሚያባርረው። ማጥፊያው ጊዜው ሊያልፍ ሲልና ሊሞላ ሲሄድ ሠራተኛው ውጭ ይርጨው። ጨርሶ ስንት ሰከንድ ብቻ እንደሚቆይ ያየ ሰው ትልቅ እሳት ፊት ቆሜ ልታገል አይልም።

ሠላሳ_አልጋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ብሬከሩን ዛሬ አያለሁ፣ ከወዲሁ የምጠረጥረው አንድ አለ። የኦክስጅኑ ነገር ግን አልገባኝም። ኦክስጅን ራሱ አይቃጠልም አይደል? ኢንስፔክተሩ ከሁሉም በላይ የተቆጣው በእሱ ነው። የዋርዱን የኦክስጅን ቫልቭስ ማን ነው መዝጋት ያለበት?

ባዮሜድ_ነኝ

አይቃጠልም፣ ሌላውን ያቃጥላል። አየር ውስጥ ያለው 21 ከመቶ ነው። 23 ከመቶ ሲያልፍ ጀምሮ ብርድ ልብስ፣ ፀጉር፣ ጋውን ሁሉም በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ በፍጥነትም ይነዳል። ጨርቅ ደግሞ ኦክስጅኑን ይይዘዋል፣ ቫልቩ ከተዘጋም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ማንም ሰው ሬጉሌተር ላይ ዘይት ወይም ቅባት እንዳያደርግ፣ «እምቢ አለኝ» ብሎ የሚቀባ አይጠፋም፣ በዚያ ግፊት ዘይቱ ራሱ ይፈነዳል። ሲሊንደሩ በሰንሰለት ይታሰር፣ ሙሉውና ባዶው ይለይ፣ ቦታው አየር የሚገባው ይሁን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ባግዳድ ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል ውስጥ ከ80 በላይ ሰው የሞተበት ቃጠሎ መነሻው ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ነው የተያያዘው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ከጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ እጀምራለሁ። ኦክስጅን፣ ሙቀት፣ ማከፋፈያና ራሱን የማያወጣ በሽተኛ አንድ ጥግ ላይ የተሰበሰቡት እዚያ ነው።

ቫልቩን የሚዘጋው የዋርዱ ተረኛ ኃላፊ ነው፣ ማን ኦክስጅን ላይ እንዳለ አውቆ፣ እነሱን ወደ ትንሿ ሲሊንደር ካዞረ በኋላ። ጥበቃው ሮጦ እንዳይዘጋው። ይህን በጽሑፍ ቫልቩ አጠገብ ለጥፉት፣ የትኛውን ክፍል እንደሚዘጋም ይጻፍ።

ኦፕሬሽን ክፍል ለሚሠሩት ደግሞ አንድ ነገር አስታውሷቸው፣ ቆዳ የሚጸዳበት አልኮል ያለበት ፈሳሽ ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳይደርቅ ኮተሪ (በኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጠውና ደም የሚያቆመው መሣሪያ) አይነሳም። ፀጉር ያለበት ቦታ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ጄኔሬተሩን ሞተሩ ተነሳ ብላችሁ አትለፉት። በወር አንዴ ሎድ ተሸክሞ 30 ደቂቃ ይሥራ። ኤንኤፍፒኤ 110 ቢያንስ የአቅሙን 30 ከመቶ ይጭናል። ያለ ሎድ ብቻ የሚነሳ ዲዝል ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ መውጫው ውስጥ ያጠራቅማል፣ በሚያስፈልግበት ቀን ያስቸግራል። መብራት ሲሄድ ስንት ሰከንድ ላይ እንደተረከበም ጻፉ፣ 10 ሰከንድ ካለፈ ችግር አለ። ባትሪውንም እዩ፣ አልነሳ የሚለው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

ፓነል_ከፋች

ባዮሜድ ባለው ላይ ልጨምር። ኮሪደሩን ማጽዳት፣ ሲሊንደር ማሰር፣ ፓነሉ ላይ ስም መጻፍ፣ ማከፋፈያ መንቀል፣ እነዚህን በዚህ ሳምንት ጨርስና ፎቶ አንሳ። ለትራንስፎርመሩና ለሽቦ ቅየራው በየወሩ ምን እንደሚሠራ ቀን ያለው ዕቅድ ጽፈህ ለኢንስፔክተሩ ቀድመህ አስገባ። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ከሚመጣ ምክንያት ይሻላል።

ሠላሳ_አልጋ

ብሬከሩን አየሁት። የላብራቶሪው መስመር ላይ ነው፣ ሽቦው ቀጭን ብሬከሩ 40። ለጊዜው አውቶክሌቩን ከዚያ መስመር አውጥተነዋል። አለቃዬንም ፓነሉ ሲከፈት ጠርቼ አሳየሁት፣ የጠቆረውን ኢንሱሌሽን አይቶ ዝም አለ፣ ማታ ላይ ደውሎ ኮቴሽን አምጣ አለኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ኧርዝ ሲለካ ሙሉ ሕንፃው መጥፋት አለበት?

ፓነል_ከፋች

በአንዴ አይደለም፣ ክፍል በክፍል ማድረግ ይቻላል። ዋናው ኧርዝ ሲፈታ ግን መብራት መጥፋት አለበት። ቀጠሮ ኦፕሬሽን የሌለበትን ቀን ምረጥ፣ ለዋርዱ ከአንድ ቀን በፊት ንገራቸው፣ ኢንኩቤተሮቹም አስቀድመው ወደ ሌላ መስመር ይዙሩ። ብሬከሩን ግን እስከዚያ አትጠብቅ፣ ነገውኑ ለሽቦው በሚመጥነው ቀይሩት። ያኔ ደጋግሞ ከወረደ ሎዱ በዝቶበታል ማለት ነው፣ አዲስ መስመር ሳብ።