የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎቶች እንዲናበቡ መስፈርት ይቅደም ወይስ ሥራ?

አወያይ፦ ጥያቄው፣ በፋይዳ መታወቂያ የሚጠቀሙ ተቋማት መረጃ የሚለዋወጡበት አስገዳጅ የቴክኒክ መስፈርት አስቀድሞ ይውጣ ወይስ ሁሉም አገልግሎቱን ጀምሮ ቆይቶ ይናበብ የሚል ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያው፦ ሥራው ይቅደም ባይ ነኝ። ኮሚቴ ተቀምጦ ሰነድ እስኪያጸድቅ ድረስ ባለጉዳዩ ፎቶ ኮፒውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ሁለት ተቋማት ከተስማሙ በኤፒአይ፣ ማለትም ሶፍትዌሮች በቀጥታ መረጃ በሚጠያየቁበት መንገድ፣ መገናኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፦ መገናኘቱ ቀላል ይሁን፤ የሚያስቸግረው የሚላከው መረጃ ነው። በአንዱ መዝገብ «ፀሐይ» የተባለችው በሌላው «ጸሀይ» ከሆነች ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራታል። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር «የቤተሰብ ስም» ሲጠይቅ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ይሞላል። መስከረም 1 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደተላከ ካልተገለጸ የሰውዬው ዕድሜ ይዛባል። ጳጉሜን የተወለደውማ፣ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ የልደት ወር የለውም!

የሶፍትዌር ባለሙያው፦ እኅቴ፣ ለዚህ እኮ ነው ባለ 12 አሐዙ የፋይዳ ቁጥር ያለው። ቁጥሩ ከተመሳከረ የስሙ አጻጻፍ ቢለያይ ምን ይጎዳል?

የሕግ ባለሙያው፦ እኔን የሚያሰጋኝ እዚሁ ላይ ነው። አንድ ቁጥር በየቢሮው ሲመዘገብ የሰውን የጤና፣ የግብርና የመሬት ፋይል ማገጣጠም ለማንኛውም ሠራተኛ ቀላል ይሆናል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ይጠይቃል። ፋይዳ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ለየተቋሙ የተለየ ምትክ ቁጥር መስጠት ስለሚችል፣ መስፈርቱ ይህን ማስገደድ አለበት። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በምትሠራበት ኤክስ-ሮድ በተባለው የተቋማት መረጃ መለዋወጫ ሥርዓት መረጃው በየተቋሙ እንዳለ ይቀመጣል፣ የሚተላለፈው መልእክት በዲጂታል ፊርማ ይረጋገጣል፣ ይመዘገባልም፤ ዜጋውም ማን መረጃውን እንዳየ በኢንተርኔት ገብቶ ማየት የሚችልበት አገልግሎት አለ። እንዲህ ያለው ምዝገባ ኋላ ላይ ልጨምረው ቢሉት፣ ከዚያ በፊት ማን ምን እንዳየ የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፦ ቁጥር የሌላቸው የቆዩ የልደትና የጋብቻ መዝገቦችም አሉ፤ እነሱን የምናመሳክረው ዞሮ ዞሮ በስምና በቀን ነው። እኔ መቶ ገጽ ሰነድ አልጠየቅሁም። የስም አጻጻፍ፣ የቀን አቆጣጠር፣ ምትክ ቁጥርና ማን መረጃውን እንዳየ የሚያሳየው ምዝገባ፣ እነዚህ ብቻ ቀድመው ይወሰኑ።

የሶፍትዌር ባለሙያው፦ በዚህ ልክ ከሆነ እስማማለሁ። ሆኖም እያንዳንዱ የመስፈርቱ ሥሪት መቼ እንደሚታደስና አሮጌው እስከ መቼ እንደሚያገለግል አብሮ ይጻፍ፤ አለዚያ አንዱ መሥሪያ ቤት ቅጹን በለወጠ ቁጥር የሌሎቹ አገልግሎት ይቋረጣል። መስፈርቱን ያልጠበቀ ሲስተም ሲቀርብስ ክፍያውን የሚያግደው ማን ነው? ግዥ ክፍሉ ወይስ የቴክኖሎጂ ክፍሉ?

የሕግ ባለሙያው፦ ግዥ ክፍሉ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ መስፈርቱ የጨረታ ሰነዱና የውሉ አካል ካልሆነ አቅራቢውን የሚያስገድደው ነገር የለም።