እናቴን ታሊን ልውሰዳት ወይ ላልሽው እህት

"እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ ሄልሲንኪን አሳይቼ ጨረስኩ፣ በመርከብ ወደ ኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ብወስዳትስ?" ላልሽው እህታችን መልሴ አጭር ነው፤ ውሰጃቸው። እኔም አምና እማዬን ይዤ ሄጄ አንድ ሌሊት አድረን ተመልሰናል። ባለጎማ ሻንጣ ብቻ እንዳትይዢ። አሮጌው ከተማ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። የኔ ሻንጣ አንድ ጎማውን እዚያው ጥሎ መጣ።

መንገዱ ቀላል ነው። መርከቡ 80 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ባሕር በሁለት ሰዓት ገደማ ያቋርጣል። የእናትሽ የፊንላንድ ሸንገን ቪዛ ኢስቶኒያም ይሠራል፤ ፓስፖርታቸውን ግን ቤት ረስተው እንዳይወጡ። እኛ ስንመለስ መርከቡ አመለጠን። መሳፈሪያው ከመነሻው ሰዓት ቀድሞ እንደሚዘጋ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እማዬ እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራዋለች።

ከወደቡ እስከ አሮጌው ከተማ በእግር 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። "ወፍራሟ ማርጋሬት" የሚሏት ድቡልቡል ግንብ አጠገብ ባለው በር ግቡና ፒክ የሚባለውን መንገድ ያዙ። 59 ቁጥር ላይ የሶቪየት የስለላ ድርጅት፣ የቀድሞው ኬጂቢ፣ ቢሮ አለ። ምድር ቤቱ እስር ቤት ነበር። ኢስቶኒያውያን "የታሊን ረጅሙ ሕንፃ ይሄ ነው፣ ከምድር ቤቱ ሆነህ ሳይቤሪያ ይታይሃል" እያሉ ይቀልዱበታል። በፈረንጆቹ 1949 መጋቢት ላይ ብቻ ከ20,000 በላይ ሰው ወደዚያ ተግዟል። ቀልዱን ስተረጉምላት እማዬ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። ደርግን ላየ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

እዚያው መንገድ 26 ቁጥር ላይ ቁሙ። የ"ጥቁር ራሶች" ማኅበር ቤት ነው። ማኅበሩ ያላገቡ ነጋዴዎች የተሰባሰቡበት ነበር። ጠባቂያቸው አድርገው የያዙት ቅዱስ ሞሪስን ነው፤ ከግብፅ የመጣ የሮም ጦር አዛዥና ሰማዕት ነው ይባላል። ስለዚህ በሩ ላይ የጥቁር ሰው ራስ ተቀርጿል። እማዬ ትኩር ብላ አየችውና "ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው፣ በዚህ ብርድ?" አለች።

እኔ ግን ታሊንን የወደድኩት በሌላ ሰው ነው። አብራም ጋኒባልን ታውቂዋለሽ፤ የሩሲያው ባለቅኔ የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ በእናቱ በኩል። በልጅነቱ ተማርኮ ኢስታንቡል ደረሰ፣ ከዚያ የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ቤት አደገ፣ ፈረንሳይ ሄዶ የምህንድስና ትምህርት ተማረ። ያ ሰው ከ1742 እስከ 1752 የዚች ከተማ አዛዥ ነበር። ያኔ ስሟ ሬቫል ነው። ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ከመረብ ወንዝ አካባቢ የሄደ የኛው ሰው ነው ሲባል ነው ያደግነው። ክርክሩን እዚህ አልከፍትም። እማዬ ቤቷ ሳር ቤት ነው። ፑሽኪን አደባባይን ዕድሜዋን ሙሉ ስታልፍበት ኖራ ታሊን መጥታ የቅድመ አያቱን ታሪክ ስትሰማ ደስ አላት። ማታ ሆቴል ገብተን እንኳ "አሥር ዓመት ሙሉ ገዛቸው በለኛ!" ትላለች። አዛዥ ነው እንጂ ንጉሥ አይደለም ብላትም አልሰማችኝም።

የአሮጌውን ከተማ አደባባይ ለማየት ብዙ ሰዓት አያስፈልግም። ማዘጋጃ ቤቱ በ1404 ያለቀ ነው። ፊት ለፊቱ ቢያንስ ከ1422 ጀምሮ የሚታወቅ መድኃኒት ቤት አለ፣ ዛሬም ይሸጣል። በበጋ ትልልቅ የቱሪስት መርከቦች ሳይራገፉ ጠዋት ድረሱ።

ወደ ኮረብታው፣ ወደ ቶምፔያ፣ የሚወጡ ሁለት መንገዶች አሉ፤ "ረጅም እግር" እና "አጭር እግር" ይሏቸዋል። ከተማችን ለዚህ ነው የምታነክሰው ይላሉ። አጭሩ ደረጃ አለው። የእናትሽ ጉልበት እንደ እማዬ ከሆነ በረጅሙ ውጡ። ላይ ስትደርሱ በ1900 የተሠራው የሩሲያ ኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሩን ተሳልማ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ነው የያዝኳት። "ሰው ሁሉ በጫማ ገብቶ?" ብላ ተገረመች። የነሱ ሥርዓት ነው አልኳት። እሷ ግን ጥግ ላይ አውልቃ ነው የጸለየችው፤ ማንም ምንም አላላትም።

እንጀራ እኔ አላገኘሁም፣ ስንቅ ያዙ። ግን ሱፐርማርኬት ገብተሽ ካማ የሚባለውን ዱቄት ፈልጊ። ገብስ፣ አጃ፣ ራይና አተር ተቆልቶ የተፈጨ ነው። በሶ ማለት ነው በቃ፤ አተሩ ጨምሮበት ትንሽ ሽሮ ሽሮ ይሸታል። እነሱ በእርጎ ይበጠብጡታል። እማዬ በውሃና በጨው አሽታ በላችው፣ ሁለት ከረጢት ይዛ አገር ቤት ገባች።

"የኢስቶኒያ ኢ-ረዚደንሲ አውሮፓ ያስገባል ወይ?" ላልከው ወንድም፦ ኢስቶኒያ ለውጭ አገር ሰዎች የምትሰጠው፣ በ2014 የተጀመረ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ኩባንያ በኢንተርኔት ለማቋቋምና ለመፈረም ይጠቅማል። ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አይደለም፣ በሱ ኢስቶኒያ መግባት አትችልም። "አውሮፓ ያስገባሃል" ያለህ ደላላ ገንዘብ ከጠየቀህ እንዳትከፍለው።