ወደ ዲኤችአይኤስ 2 በኤፒአይ ሪፖርት ስንልክ «200» ይለናል፤ ዳታው ግን አልገባም

ጥያቄ፦ ሻይ በጦስኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሆስፒታላችንን ወርሃዊ ሪፖርት ከራሳችን ሲስተም በቀጥታ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ሲስተም) በኤፒአይ፣ ማለትም ሁለት ሲስተሞች በቀጥታ በሚነጋገሩበት መንገድ፣ ለማስገባት እየሞከርኩ ነው። እስካሁን የመረጃ ባለሙያዋ ቁጥሩን አንድ በአንድ በእጇ ነው የምትሞላው። ሪፖርት በሚደርስበት ሰሞን ቢሮ ታመሻለች። ደክሟት አንድ አሃዝ ከሳተች ደግሞ የወሊዱ ወይም የክትባቱ ቁጥር ተዛብቶ ይሄዳል። ከዚህ ልገላግላት እፈልጋለሁ።

በፖስትማን (ኤፒአይ መሞከሪያ ፕሮግራም ነው) ወደ «ኤፒአይ/ዳታቫልዩሴትስ» ፖስት አደረግኩ፣ ማለትም ዳታ ላክሁ። በላክሁት ጄሰን (ዳታ የሚጻፍበት ቅርጽ) ውስጥ ዳታ ሴቱ (የሪፖርቱ ቅጽ)፣ ፒሪየዱ (የሪፖርቱ ጊዜ)፣ ኦርግ ዩኒቱ (ተቋሙ) እና ቁጥሮቹ አሉ። ዩዘርና ፓስወርድም አስገብቻለሁ። መልሱ 200 ነው፤ «ተሳክቷል» ማለት ነው። ገጹን ስከፍተው ግን ባዶ ነው። ስህተት አለ ቢለኝ ስህተቱን እፈልግ ነበር። 200 ብሎኝ ምኑን ልያዝ?

ቀይ ኬብል

እህቴ፣ 200ን ብቻ አይተሽ አትመኚ። ከሥሩ የመጣውን መልስ አንብቢ። ዲኤችአይኤስ 2 ፖስቱ በትክክል ከደረሰው የሚመልሰው ጄሰን ነው። ስንት ቁጥር እንደገባ፣ ስንት እንደታደሰ፣ ስንት እንደተዘለለ ለየብቻ ይነግርሻል፦ «ኢምፖርትድ»፣ «አፕዴትድ»፣ «ኢግኖርድ»። አንቺ ጋ ምን ይላል?

ሻይ በጦስኝ

ጄሰን አይደለም። ረጅም ኤችቲኤምኤል፣ የድረ ገጽ ኮድ ነው። መሃሉ ላይ «ሎግኢን» የሚል አያለሁ።

ቀይ ኬብል

እሱ ነው በቃ። የመጣልሽ የመግቢያው ገጽ ነው። 200 ያለሽም ገጹ በደህና ስለተከፈተ ነው፣ ዳታሽ ስለገባ አይደለም።

ፖስትማን ሴቲንግ ውስጥ ሪዳይሬክት (ወደ ሌላ አድራሻ ማዞር) ተከተል የሚለውን አጥፊና ድጋሚ ላኪ። 301 ወይም 302 ከመጣ «ሎኬሽን» የሚለውን ሄደር (ከመልሱ ጋር የሚመጣ ተጨማሪ መረጃ) እዪ፤ ወዴት እየወሰደሽ እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ጣጣው ሊንኩ በኤችቲቲፒ መጻፉ ነው። ሰርቨሩ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ያዞረዋል፣ ፖስትማን ደግሞ ሲዞር ፖስቱን ጌት (ዳታ መላኪያ ሳይሆን መጠየቂያ) ያደርገዋል። ጄሰንሽ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። በብሮውዘር ስትገቢ ከዶሜኑ ቀጥሎ ሌላ ቃል ካለ፣ ለምሳሌ «ዲኤችአይኤስ» የሚል፣ እሱንም ከ«ኤፒአይ» በፊት አስገቢው።

ጓሮ በር

የቀይ ኬብል ምክር ትክክል ነው። እኔ ግን ዳታ ከመላክ በፊት ሁለት ጌት ሳላደርግ አልጀምርም። አንዱ «ኤፒአይ/ሚ» ነው። የራስሽን አካውንት ከነተመደብሽበት ተቋም ካመጣልሽ መግባቱ ሠርቷል። ሁለተኛው «ኤፒአይ/ሲስተም/ኢንፎ» ነው። ቨርዥኑንና ሰርቨሩ የሚጠቀምበትን ካሌንደር ይነግርሻል። ካሌንደሩን ልብ በይው፣ ኋላ ያስፈልግሻል።

ሌላው፣ የባለሙያዋን ፓስወርድ ሲስተም ውስጥ አትክተቺ። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አካውንት አስከፍቺ፤ የሚያየውም የእናንተን ተቋም ብቻ ይሁን። ከዲኤችአይኤስ 2 ቨርዥን 2.38 ጀምሮ ቶከን (በፓስወርድ ፈንታ የሚያገለግል ቁልፍ) ማውጣት ይቻላል። ሄደሩ ላይ ከቶከኑ በፊት የሚጻፈው «ኤፒአይቶከን» ነው። በልማድ «ቤረር» ብለሽ ከጻፍሽ 401 (መግባት አልተፈቀደም) ይመጣብሻል።

ሻይ በጦስኝ

ተባረኩ! በኤችቲቲፒኤስ ላክሁት፣ ጄሰን መለሰ። አሁን ግን 409 (ግጭት አለ) ይላል። ሁሉም ቁጥር «ኢግኖርድ» ውስጥ ገብቷል። «ኮንፍሊክትስ» ሥር ፒሪየዱ ገና ያልተከፈተ የወደፊት ጊዜ ነው ይለኛል። የላክሁት የመስከረም 2017 ሪፖርት ነው፣ ፒሪየዱን 202409 ብዬዋለሁ።

ጓሮ በር

ካሌንደሩን ልብ በይ ያልኩሽ ለዚሁ ነበር። ሲስተም ኢንፎው «ኢትዮጵያን» ካለ ሰርቨሩ 202409ን የሚያነበው ግንቦት 2024 ዓ.ም. ብሎ ነው። ያ ዘመን ገና አልመጣም። የመስከረም 2017 ፒሪየድ 201701 ነው። እርግጠኛ ለመሆን፣ በእጅ የተሞላ የአንድ ወር ሪፖርት በጌት አውጪና ፒሪየዱ እንዴት እንደተጻፈ እዪ። ያንኑ ቅርጽ ተከተዪ።

የድሮ ፕሮግራመር

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በእውነተኛው ሰርቨር ላይ እንዲህ መሞከር አያስፈልግም። ሊንኩ መጨረሻ ላይ «ድራይረን=ትሩ» (ሙከራ ብቻ ነው ማለት ነው) የሚለውን ፓራሜተር ጨምሪ። ሰርቨሩ ሁሉንም ይፈትሽልሻል፣ ውጤቱን ይነግርሻል፣ ግን ምንም አይመዘግብም። የክትባት አቅርቦት የሚታቀደው በእነዚህ ቁጥሮች ነው፤ የሙከራ ቁጥር እዚያ ገብቶ ማደር የለበትም።

ከባዶ መለማመድ ከፈለግሽ የዲኤችአይኤስ 2 የሕዝብ ማሳያ ሰርቨር አለ። የሴራሊዮን ዳታ ነው የተጫነበት። ዩዘሩ «አድሚን»፣ ፓስወርዱ «ዲስትሪክት» ነው። በየጊዜው ስለሚታደስ የላክሽው አይቆይም። ዓለም ሁሉ የሚገባበት ስለሆነ ግን የሆስፒታሉን እውነተኛ ቁጥር እዚያ አትስቀዪ። ካሌንደሩም የፈረንጅ ነው።

ዲኤችአይኤስ 2 ለእያንዳንዱ ተቋምና ለሪፖርቱ ጥያቄ (ዳታ ኤለመንት) የሚሰጠውን በፊደልና በቁጥር የተጻፈ ባለ 11 ምልክት መለያ መገልበጥ ካታከተሽ ደግሞ በኮድ መላክ ትችያለሽ። የኦርግ ዩኒትና የዳታ ኤለመንት አይዲ ስኪም (የመለያው ዓይነት) «ኮድ» ነው ብለሽ ፓራሜተሩ ላይ ንገሪው። ኮዶቹ ሲስተሙ ላይ መሞላታቸውን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ሻይ በጦስኝ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በድራይረን አለፈ፣ ከዚያ እውነተኛውን ላክሁ፣ ገጹ ላይም ታየ! ሦስት ቁጥሮች ብቻ ተዘለሉ። ሦስቱም ዜሮ ናቸው።

የድሮ ፕሮግራመር

ያ የዳታ ኤለመንቱ ሴቲንግ ነው። ዜሮ ይመዝገብ ካልተባለ ዲኤችአይኤስ 2 ዜሮን አይቀበልም። አንቺ ፕሮግራም ጽፈሽ የምትፈቺው አይደለም። የትኞቹ እንደሆኑ ከ«ኮንፍሊክትስ» ገልብጠሽ ለሲስተሙ አስተዳዳሪ ላኪለት። «የእናቶች ሞት ዜሮ» እና «ሪፖርት አልተደረገም» በባዶ ሳጥን ተመሳስለው እንዳይታዩ ብለሽ አስረጂው፤ ምክንያቱን ካወቀ ይከፍትልሻል።